ዋስ ያጣ ፓኬጅ

እቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ሰዓት አይረሳትም። ዕጣ ወጣ፣ ስሙ ተጠራ። እጁን ወደ ብሩ ሲሰድ ጸሐፊው ቀና ይልና «ዋስህስ?» ይለዋል። ዕጣው የእሱ ነው፣ ብሩም ጠረጴዛው ላይ አለ። ዋስ ካልጠራ ግን ይዞ አይወጣም። ጸሐፊው ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ብሩን ይዞ ቢሰወር የሚከፍሉት ሌሎቹ እቁብተኞች ናቸው።

ደብያን የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አሠራር ባየሁ ቁጥር ይሄ ጸሐፊ ትዝ ይለኛል። እዚያም ዋስ አለ። እዚያም ሥራውን ጨርሶ፣ ዋስ አጥቶ፣ በር ላይ የሚቆም ሰው አለ። እቁብ ላይ ግን ቢያንስ ፊት ለፊት ይነገርሃል።

ደብያንን ለማያውቁ ትንሽ ልበል። እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፣ በነፃ የሚገኝ። ኢያን መርዶክ የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኦገስት 1993 ላይ ጀመረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ያወጣው የያኔ ፍቅረኛውን የዴብራን ስም ከራሱ ጋር ገጥሞ ነው። ዛሬ ወደ 1000 የሚጠጉ አባላት ያሉት የፈቃደኞች ማኅበር ሆኗል። የራሱ ሕገ ደንብ አለው፣ በየዓመቱ መሪ ይመርጣል፣ ባለቤት የሚባል ኩባንያ የለውም። ኦገስት 2025 ላይ የወጣው 13ኛው ስሪት፣ ትሪክሲ የሚሉት፣ 69,830 ፓኬጆች ይዟል። ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ሥርዓት የሚጠቀም ሰው ደግሞ አወቀውም አላወቀውም የደብያንን ሥራ ነው የሚጠቀመው። ኡቡንቱ የሚቀዳው ከዚያ ነውና።

ፓኬጅ ምንድነው? የባልትና ቤት አስቡ። በርበሬውን ያመረተው ገበሬ ሌላ ነው። ባልትናዋ ገዝታ፣ ለቅማ፣ ቀንጥሳ፣ አድርቃ፣ አስፈጭታ፣ በላስቲክ አሽጋ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለች። ገዢው ከፍቶ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ፓኬጅ የሚያዘጋጅ ሰውም እንደዚያ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። እሱ ያጣራዋል፣ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር እንዲስማማ ያደርገዋል፣ ያሽገዋል። ተጠቃሚው አንድ ትእዛዝ ብቻ ጽፎ ይጭነዋል። ማንም የማያመሰግነው ሥራ ነው። በርበሬው ድንጋይ ካለበት ግን የምትሰደበው ባልትናዋ ናት።

አሁን አንዲት የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እናስብ። የምትወደው አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ደብያን ውስጥ ግን የለም። «ቆይ እኔ አስገባዋለሁ» አለች። መጀመሪያ አይቲፒ የሚባል ማስታወቂያ ታወጣለች። «ይሄን ፓኬጅ ላዘጋጅ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዳይደክም» እንደማለት ነው። የምታወጣው በባግ መመዝገቢያው ላይ ነው። (ባግ የፕሮግራም ስህተት ነው። አንድ ቀን «በግ ተገኝቷል» ተብሎ ተጽፎ አይቼ ፋሲካ የደረሰ መስሎኝ ነበር።) መመዝገቢያው የሚታዘዘው በኢሜይል ነው። ባግ ለመክፈት ኢሜይል፣ ለመዝጋት ኢሜይል፣ አርእስቱን ለመቀየርም ኢሜይል።

ከዚያ ደብያን የሚል ፎልደር ትከፍትና ውስጡ ጥቂት ፋይሎች ትጽፋለች። ኮንትሮል የሚባለው ፓኬጁ ምን እንደሆነና ምን ምን እንደሚፈልግ ይናገራል። ሩልስ አገነባቡን ይይዛል፣ ቼንጅሎግ ታሪኩን። ሰው የሚያለቅሰው ኮፒራይት የሚባለው ጋ ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነና በምን ፈቃድ እንደወጣ መጻፍ አለበት። የፕሮግራሙ ደራሲ ከሌላ ቦታ አንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል ቀድቶ ከትቶ ከሆነ፣ የዚያንም ፋይል ባለቤት ፈልጋ ማግኘት አለባት።

ይሄን ሁሉ አደረገች እንበል። ሊንቲያን የሚባለው መርማሪ ፕሮግራም አሥራ ምናምን ማስጠንቀቂያ አወረደባት። አንድ በአንድ አስተካከለች። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሠራች። በመጨረሻ ፓኬጁን ሜንተርስ የሚባለው ቦታ ላይ ጫነችና ስፖንሰር ጠየቀች።

ስፖንሰር ሲባል ለእኔ የሚታየኝ የእግር ኳስ ማሊያ ነው። ትክክለኛው ቃል ዋስ ይመስለኛል፤ ስፖንሰሩ ሳንቲም አይከፍልም፣ ይፈርማል እንጂ። አባል የሆነ አንድ ሰው ሥራዋን ያያል፣ በራሱ ኮምፒውተር ይገነባዋል፣ በራሱ ዲጂታል ቁልፍ ፈርሞ ያስገባላታል። ነገ ጥፋት ቢገኝ የሚታየው የእሱ ፊርማ ነው።

እናም ትጠብቃለች። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ወር። «አይረባም» ያላት የለም። «ጎበዝ» ያላትም የለም። ዋስ ብታገኝ እንኳ ፓኬጁ አዲስ ስለሆነ ኒው የሚባል ሌላ ወረፋ ይጠብቃታል። እዚያ ኤፍቲፒ ማስተር የሚባሉ ጥቂት ሰዎች የፈቃዱን ጉዳይ እንደገና ያገላብጡታል። ወረፋው ሲቀና በቀናት ያልቃል፣ ሳይቀና ወራት ይፈጃል። ይሄኔ ተማሪዋ ፈተና ደርሶባታል፣ ወይም ሥራ ይዛለች፣ ወይም ነገሩ ቀዝቅዞባታል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «ወጣቱ የማይገባው አካሄዱ ከባድ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ተማሪዋ እኮ ከባዱን ጨርሳለች! የኮፒራይቱን ጣጣ ተወጥታለች፣ ሊንቲያንን አሸንፋለች። ያባረራት ዝምታው ነው።

በእኔም ደርሷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ላይ ሦስት መስመር የምታህል ማስተካከያ ልኬ ነበር። መልሱ ሰባት ወር ቆይቶ መጣ። ጨዋ መልስ ነው፤ ያመሰግናል፣ አንዲት ነገር ብቻ እንድቀይር ይጠይቃል። ኮዱን የጻፍኩበት ላፕቶፕ ግን ተሽጦ ነበር።

ፕሮጀክቶች አዲስ ሰው ማበረታታት ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቱ። ጥሪ ያወጣሉ። መመሪያ ይጽፋሉ፣ ቪዲዮ ይሠራሉ፣ «ኑ፣ ሁሉም እንኳን ደህና መጣ» ይላሉ። ጥሩ ነው። ግን በሩ ላይ ሰልፍ ያለበት ዳቦ ቤት ተጨማሪ ሰው ቢጠራ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ዳቦው አይበዛም። የጎደለው መልስ ሰጪ ነው። ዋስ ለመሆን የሚቀመጥ ሰው ሳይጨምሩ አዲስ መጤ መጥራት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰው ማስቀየም ነው።

በሌላ በኩል ያለውን ሰው ደግሞ እንየው፤ ሰነፍ ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ነውና። ዋስ እንዲሆን የሚጠበቀው ሰው ቀን መደበኛ ሥራ ይሠራል። ማታ ልጆች አሉ። ራሱ የሚንከባከባቸው ሃያ ሠላሳ ፓኬጆች አሉት፤ በእነሱ ላይ የተከፈተ ባግ ይጠብቀዋል። የአንድ ጀማሪን ፓኬጅ በቅጡ ማየት አንድ ሙሉ ምሽት ይበላል። ስህተቱን ራሱ ቢያስተካክለው ሃያ ደቂቃ ነው። ለጀማሪው አስረድቶ፣ ጠብቆ፣ እንደገና አይቶ ሲጨርስ ግን ሦስት ምሽት።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ልምድ አለ። ብዙ ጀማሪ የመጀመሪያ ፓኬጁ ከገባ በኋላ ይጠፋል። ፓኬጅ ማስገባት ልጅ እንደመውለድ ነው። ክርስትናው የአንድ ቀን ድግስ ነው፣ ማሳደጉ ግን ዓመታት ነው። ደብያን አንድን የተረጋጋ ስሪት ሦስት ዓመት በሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ዓመት በተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ ይዞ ይቆያል። በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍን ሰው መኖር አለበት። ባለቤቱ ከጠፋ ፓኬጁ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል። የእኔ ቃል እንዳይመስላችሁ፣ ራሳቸው የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። የወላጅ አልባዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው። ዋስ የሆነው ሰው ያን ዝርዝር ስለሚያውቅ እጁ ወደ ኋላ ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእምነት ነገር አለ። ከ2024 ወዲህ ስለ አዲስ መጤ ማውራት እንደ ድሮው አይደለም።

ማርች 2024 መጨረሻ ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የዳታቤዝ ፍጥነት እየለካ ነበር። የሚሠራበት ማሽን ላይ የነበረው ሲድ የሚባለው ገና እየተሠራ ያለ የደብያን ስሪት ነው። ከርቀት ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ኔትወርኩን ረግሞ ያልፍ ነበር። እሱ ቆፈረ። ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር፣ ማለትም ሌላ ሰው በስውር ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ቀዳዳ፣ አገኘ። ወደ ተረጋጋው ደብያን ሳይደርስ ተያዘ።

የኋላ በሩን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው ነበር። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም። አገባቡ ነው የሚገርመው። ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ጠቃሚ ሥራ ሠራ። ፕሮጀክቱን በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ፣ ብቻውን የሚንከባከብ አንድ የደከመ ሰው ነበር። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት የማይታወቁ ስሞች ብቅ ብቅ እያሉ ያን ሰው በኢሜይል ይነዘንዙት ጀመር። ለምን ዘገየህ፣ ሥራውን ለሌላ አስረክብ፣ አዲስ ሰው አስገባ። ማለትም «አዲስ መጤን አበረታታ» የሚለው መልካም ቃል መሣሪያ ሆኖ ተተኮሰበት።

ከዚህ በኋላ «አየህ፣ በሩን ማጥበቅ ነው» የሚል ድምፅ ቢነሳ አይገርምም። እኔ ግን ታሪኩን ስመለከተው ሌላ ነገር ይታየኛል። ያ ሰው የተጠቃው ብቻውን ስለነበረ ነው። አጥቂው ያን የሚያህል ቦታ ያገኘው ቀርቦ የሚያግዝ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ሦስት አራት እውነተኛ አጋዦች ቢኖሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያይ ነበር።

ደግሞም አጥፊ ሁሉ ከውጭ አይመጣም። ደብያን ራሱ በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የምስጠራ ፓኬጅ ላይ ሁለት መስመር ኮድ አጠፋ። ያጠፋው ጀማሪ አልነበረም፣ የፓኬጁ ኃላፊ ነው። አንድ መመርመሪያ መሣሪያ ስለእነዚያ መስመሮች ማስጠንቀቂያ ስለሰጠው በቅን ልቦና ያደረገው ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። ኮምፒውተሩ የሚፈጥራቸው ሚስጥራዊ ቁልፎች ለእያንዳንዱ ዓይነትና መጠን ወደ 32 ሺህ አካባቢ ብቻ ሆኑ። አንድ ተራ ኮምፒውተር ሁሉንም ሊሞክራቸው ይችላል። ሉቺያኖ ቤሎ የሚባል የደብያን አባል አግኝቶት በሜይ 2008 እስኪገለጽ ድረስ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ማንም ልብ አላለውም።

ጭራሽ ዋስ የማይጠይቁም አሉ። አርች ሊኑክስ የሚባለው እንደ ደብያን ያለ ሥርዓት ኤዩአር የሚባል ማከማቻ አለው። ማንም ተመዝግቦ የፓኬጅ መሥሪያ ፋይል ይጭናል፣ ቀድሞ የሚያይ የለም፣ ተጠቃሚው ራሱ አንብቦ እንዲጭን ይመከራል። ስንቱ ያነባል? ጁላይ 2025 ላይ የፋየርፎክስና የመሰል ብራውዘሮች ማስተካከያ መስለው የተጫኑ ሦስት ፓኬጆች ውስጥ ኮምፒውተርን ከርቀት የሚቆጣጠር ተንኮል ተገኝቶ ተነሱ። ኒክስ የሚባለው ሌላ ፕሮጀክት ደግሞ መሃል ላይ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ትልቅ ማከማቻ ውስጥ ነው፣ ጀማሪው ማስተካከያውን ይልካል፣ ሮቦቶች፣ ማለትም በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች፣ ይፈትሹታል። ለዚህም ይመስላል ብዛቱ ከመቶ ሺህ ፓኬጅ ያለፈው። የሰው ዓይን የሚጠብቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ማስተካከያዎች ግን እዚያም ተደርድረዋል። ሮቦት ሲፈትሽ ይውላል እንጂ ዋስ አይሆንም።

ታዲያ የሠራ ነገር አለ? አለ። ደብያን ውስጥ ራሱ አለ።

አንድሬያስ ቲለ የሚባል ጀርመናዊ በ2002 ደብያን ሜድ የሚባል ቡድን ጀመረ። ለሕክምናና ለባዮሎጂ ምርምር የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን ወደ ደብያን የሚያስገባ ቡድን ነው። ባዮሎጂስቱ ፓኬጅ መሥራት አያውቅም፣ ፓኬጅ ሠሪው የጂን ቅደም ተከተል ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ቲለ የወር ሥልጠና የሚባል ነገር አመጣ። አንድ ጀማሪ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ወር፣ አንድ ፓኬጅ። ጀማሪው ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቋል። ሥራው ሲያልቅ የሚፈርመውም እሱ ነው። እቁብ ላይ ቢሆን ዋስህን ከዕጣው በፊት አዘጋጅተህ ገባህ ማለት ነው። ቡድኑ በዚህ ዓይነት መንገድ ከውጭ የመጡ ሰዎችን ሙሉ አባል እስከመሆን አድርሷል። ቲለ በ2024 የመላው ደብያን መሪ ሆኖ ሲመረጥም ይሄን ጠባዩን አልተወም። «የቀኑ ባግ» የሚል ነገር ጀመረ፤ በየቀኑ አንድ የቆየ ስህተት አንስቶ ከጀማሪዎች ጋር አብሮ መጨረስ።

እዚህ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ነገር አለ። የቀኑ ባግ አዲስ ፓኬጅ አያስገባም፣ ያለውን ይጠግናል። የጀማሪ በር መሆን ያለበት ይሄ ነው እላለሁ። አዲስ ፓኬጅ ማስገባት ከሥራዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው። ኮፒራይቱ፣ ዋሱ፣ ኒው የሚባለው ወረፋ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይከማቻል። ግን ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ለምን? የራሱ የሆነ ነገር ስለሚፈልግ። ስሙ ያለበት ነገር። ይገባኛል። ቤት ለመሥራት የመጣን ሰው «መጀመሪያ የጎረቤትን ጣራ ክደን» ብትለው ፊቱ ይጠቁራል። ሆኖም ጣራውን የከደነ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፤ ሙያውን ይለምዳል፣ ጎረቤት ያውቀዋል። ደብያን ላይ ጎረቤት ማወቅ ማለት ነገ ዋስ ማግኘት ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች ደግሞ አሉ፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም እንጂ። የባግ መዝገቡ ላይ «ኒውካመር» የሚል ምልክት አለ። የፓኬጁ ኃላፊ «ይሄን እኔ አልነካውም፣ ለጀማሪ ትቼዋለሁ፣ አግዘዋለሁ» ሲል የሚለጥፈው ነው። ሌላው ሉካስ ኑስባውም የሠራው «እንዴት ልርዳ» የሚል ስም ያለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተርህ ላይ የተጫኑትን ፓኬጆች ያይና «ይሄ የምትጠቀመው ነገር ወላጅ አልባ ሆኗል፣ ያኛው እርዳታ ይፈልጋል» ይልሃል። በጣም ወድጄዋለሁ። የማታውቀውን ፓኬጅ ከምትፈልግ የራስህን ቤት ያሳይሃል።

ዋስነቱንም ማቅለል ይቻላል። በ2007 ደብያን ድምፅ ሰጥቶ «ደብያን ሜንቴነር» የሚባል መካከለኛ ደረጃ ፈጠረ። ሙሉ አባል ሳይሆን፣ በተፈቀዱለት ፓኬጆች ላይ ብቻ ራሱ ፈርሞ የሚጭን ሰው ነው። ዋሱ አንዴ ይፈቅዳል፣ ከዚያ በየማስተካከያው አይጠራም። ቡድኖችም እንደዚሁ። በፓይተን ቋንቋ ለተጻፉ ፕሮግራሞች የፓይተን ቡድን፣ በፐርል ለተጻፉት የፐርል ቡድን አለ። ፓኬጁ የቡድኑ ከሆነ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ያነሳዋል፣ የዋሱም ስጋት ይቀላል።

ለጀማሪ እየከፈሉ የሚያሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ጉግል ሰመር ኦቭ ኮድ አለ፣ አውትሪቺም አለ፤ አውትሪቺ ለሦስት ወር 7000 ዶላር ይከፍላል። ለኪስ ጥሩ ነው፣ ለሲቪም ጥሩ ነው። ፕሮጀክቱ ግን ብሩ ሲያልቅ ማን ይቀራል ብሎ መጠየቅ አለበት። የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በሦስት ወሩ ውስጥ ጓደኛ ያፈራው ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሆኖ መግባት ለሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይለያል። አንዱ ይከብዳል። ሙሉ አባል ለመሆን የዲጂታል ቁልፍህን ነባር አባላት እንዲፈርሙበት ያስፈልጋል። የቆየው ልማድ ደግሞ በአካል ተገናኝቶ መታወቂያ አሳይቶ ማስፈረም ነው። በርሊን ለሚኖር ሰው ቡና መጠጣት ነው፣ ለእኛ ቪዛ ነው። የደብያን ዓመታዊ ጉባኤ እስካሁን አፍሪካ የመጣው አንድ ጊዜ፣ በ2016 ኬፕታውን ላይ ነው። ከወረርሽኙ ወዲህ ለረጅም ጊዜ አብረው የሠሩ አባላት በሚሰጡት ምስክርነትም መታየት ተጀምሯል። ትልቅ ነገር ነው፣ ሊሰፋም ይገባል።

ሁለተኛው ግን ለእኛ ይመቻል። ያ ሰው ሁሉ ጊዜው አለፈበት ብሎ የሚያማው ኢሜይል! ኢንተርኔቱ ሲመጣ የባግ ዝርዝሩን ታወርዳለህ። ሲጠፋ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ፣ መልስህን ትጽፋለህ። ሲመለስ ትልካለህ። መገንቢያውን ለማዘጋጀት መጀመሪያ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ አለብህ፣ እሱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው የጽሑፍ ፋይል ነው። ከባድ ድረ ገጽ እስኪከፈት እየጠበቀ ጊዜው ላለቀበት ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ እኛን የሚጠብቅ ሥራ እዚያ አለ። የደብያን መጫኛ አማርኛን ከቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎ ያቀርባል። አማርኛን መምረጥ የሚቻለው ግን ስዕላዊውን መጫኛ ለከፈተ ሰው ነው፤ የጽሑፍ ብቻ የሆነው መጫኛ ፊደላችንን ማሳየት አይችልም። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በፓኬጅ አለ። ኖቶ የሚባለው ፎንት የግዕዝ ፊደልም አለ። በላቲን ቁልፎች አማርኛ የሚያስጽፈው ሴራ የሚባለው ዘዴም ኤም17ኤን ከሚባለው ስብስብ ጋር ይመጣል። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው አሽጎ አስቀምጧቸዋል። የሚበዙት አሻጊዎች አማርኛ አንብበው ስህተቱን የሚለዩ አይመስለኝም። በርበሬ ቀምሳ የማታውቅ ባልትና ማለት ነው። ሽታው ቢለወጥ አታውቅም። እዚህ ቦታ ላይ አንድ አማርኛ አንባቢ ጀማሪ ከአሥር ዓመት ልምድ ካለው ፕሮግራመር ይበልጣል። «ይሄ ፊደል ተሰብሮ ነው የሚታየው» የሚል አንድ ንጹሕ የባግ ሪፖርት፣ ከስክሪኑ ፎቶ ጋር፣ ዋስ አይጠይቅም። መታወቂያም አይጠይቅም።

አስፔል የሚባል የፊደል አራሚ አለ። የአማርኛ የቃላት ዝርዝሩ ደብያን ውስጥ አስፔል ኤኤም በሚል ስም ተቀምጧል። ዝርዝሩ ማንም ሊያነበው የሚችል የቃላት ፋይል ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ አይጠይቅም፣ አማርኛ ማወቅ ይጠይቃል። የስሪት ቁጥሩ 0.03 ነው።